እመጫት ንፋስ ስትፈልግ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት "እመጫት" እያለ ነው። እንቁላል በማሽን እያስፈለፈለች ጫጩት ለአርቢዎች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሦስት ሳምንት በሞላ ቁጥር ክፍል ሙሉ ጫጩት ይንጫጫባታል። ስሙ መጀመሪያ "እመ ጫጩት" ነበር፤ የሰው ምላስ እያሳጠረ እያሳጠረ እመጫት አደረገው። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ "ዛሬም አራስ ነሽ?" ይላታል። እሷም "ምን ላድርግ፣ አንዴ ከጀመርኩት ማን ያስቁመኝ!" ብላ ትስቃለች።

ቤቷ ከከተማው ጫፍ ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበት። ባሏ አናጢ ነው። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠራው በገዛ እጁ ነው፤ በተለይ ጣሪያውን እንደ ልጁ ይወደዋል። እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ወደ ላይ ቀና ብሎ ማገሩን እንዲያይለት ይጠብቃል። ያላየለትን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይጋብዘውም።

የእመጫት ችግር መብራት ነበር። ማስፈልፈያ ማሽን ማለት ሙቀትና እርጥበት የሚጠብቅ፣ እንቁላሉን ራሱ የሚያገላብጥ ቁም ሣጥን ነው፤ መብራት ከሌለው ግን ያው ቁም ሣጥን ነው። በዚያ ዓመት፣ የዝናቡ ወር ሲገባ፣ መብራት ረፋዱ ላይ ሄደ። ጄኔሬተሯን ልታስነሳት ብትሞክር ሁለቴ አሳለችና ጸጥ አለች። ባሏ ሊፈታታት ጎንበስ ሲል እሷ ከአልጋው ላይ ብርድ ልብስ እየገፈፈች ማሽኖቹን ታለብሳቸው ጀመር። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ጆሮዋን ስታስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ጺው ጺው የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማት ነበር። ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምንም አልተሰማም።

በማግስቱ ጓሮ ጉድጓድ ስትቆፍርላቸው አላለቀሰችም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አይዞሽ" እያሉ ሊያጽናኗት የመጡትን ጎረቤቶች "ሙቀት ካገኘ ነዋ!" አለቻቸው። አካፋውን ከግድግዳው አስደግፋ ወደ ባሏ ዞረች።

"ከእንግዲህ በልመና መብራት አላስፈለፍልም" አለችው።

"ታዲያ በምን ልታስፈለፍዪ ነው? ራስሽ ልትታቀፊያቸው?"

"አያለሁ" አለች። አያለሁ ስትል ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ባሏ ያውቃታል።

መጀመሪያ ያሰበችው የፀሐይ ሰሌዳ ነበር። ነገር ግን በዚያ አካባቢ ደመና አንዴ ከመጣ ለሳምንታት አይሄድም፤ መብራት የሚያስቸግረውም ልክ ያኔ ነው። ንፋሱስ? ንፋሱ ሌላ ነገር ነው። አንሶላ ካሰጣች ከጎረቤት ግቢ ነው የምትለቅመው። ደመናው በከበደ ቁጥር ንፋሱ ይብስበታል። ሰው ንፋስ ለመቀበል ከቤቱ ይወጣል፤ እመጫት ልትይዘው ወጣች። ጎረቤቶቿ ይህን ሲሰሙ "አራስ ንፋስ ይፈራል ሲባል ነው የምናውቀው፣ ይቺ ደግሞ ንፋስ ልትገዛ ሄደች" ብለው ሳቁ።

ትንንሽ የቤት የንፋስ ተርባይን የምትሸጠውና የምትተክለው አንዲት ወጣት ቴክኒሻን ናት። ሱቋ ውስጥ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ክንፎች፣ ጥቅል ሽቦና ባትሪ እንጂ ለደንበኛ የሚሆን ወንበር እንኳ የለም። እመጫት አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና "ምንም እንደማያውቅ ሰው አድርገሽ ንገሪኝ" አለቻት።

"ቬንትሌተር ያውቁ የለ?" አለች ቴክኒሻኗ። "መብራት ይበላና ንፋስ ይሰጣል። ይሄ ግልባጩ ነው። ንፋስ ይበላና መብራት ይሰጣል።"

"ጥሩ ጀመርሽ።"

ቴክኒሻኗ ከተንጠለጠሉት ክንፎች አንዱን አውርዳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነበር፤ እንደ ወፍ ክንፍ በአንድ በኩል ጎበጥ ብሎ ወደ ጫፉ ይሳሳል። ንፋስ ሲያልፍበት ክንፉ እንደሚሳብና እንደሚዞር ነገረቻት። ከክንፎቹ ኋላ ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲዞር መብራት ይፈጠራል። መብራቱ በምሰሶው ውስጥ ወርዶ መቆጣጠሪያ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑ ባትሪውን ይመግበዋል፣ ሲጠግብ ይከለክለዋል። ከባትሪው የሚወጣውን ደግሞ ኢንቨርተር የሚባለው ዕቃ ለቤት ማሽን እንዲስማማ ያደርገዋል።

"ይሄ ጭራ ምን ይሠራል?"

"ፊቱን ወደ ንፋሱ ያዞረዋል። ንፋሱ ያበደ ጊዜ ደግሞ ገለል ያደርገዋል።"

"ብልህ ሰው ማለት ነው" አለች እመጫት። "በይ እሺ፣ ልግዛው።"

ቴክኒሻኗ ክንፉን መልሳ ሰቀለች። "ማሽኑን ማንም ይገዛል፣ እህቴ። ቁም ነገሩ ቦታው ነው። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ትንሽ የተሻለ ቦታ ማለት ብዙ መብራት ማለት ነው። አሁን ሌላ ቦታ ሥራ ይዣለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ ግቢዎን አያለሁ። ዕቃውን ይውሰዱ፣ ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትሰቅሉት።"

እመጫት ዕቃውን በጭነት መኪና አስመጥታ ባሏ እንጨት የሚሠራበት ክፍል ውስጥ፣ ከጣውላዎቹ አጠገብ አስቀመጠች። "ቴክኒሻኗ እስክትመጣ እንዳይነካ" አለችው። "እሺ" አለ፣ ካርቶኑን በዓይኑ እየዞረው። ያን ጊዜ ዓይኑን ብታየው ኖሮ ነገሩ ይገባት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በሳምንቱ መጨረሻ ጫጩት ለማድረስ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ስትመለስ ባሏ መንገድ ድረስ ወጥቶ ጠበቃት። ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት ያበራል። እጇን ይዞ እስከ በሩ ወሰዳትና "አሁን ቀና በዪ" አላት። ቀና አለች። ተርባይኑ ጣሪያው ላይ፣ ከአንድ አጭር ብረት ጫፍ ላይ ሆኖ ይሽከረከራል። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ውለው ነው የሰቀሉት። ጎረቤቶች በየአጥራቸው ቆመው አንጋጠዋል።

"ምሰሶ ለምን እንገዛለን?" አለ አናጢው። "ጣሪያው ራሱ ምሰሶ ነው! ይሄን የመሰለ ማገር ተሸክሞት ሌላ ምን ይፈልጋል?"

እመጫት ጉሮሮዋ ላይ የመጣውን ቃል መልሳ ዋጠችው። ሰው በተሰበሰበበት የባልን ደስታ መስበር የሷ ፀባይ አይደለም። "ውብ ነው" አለችው። ውብም ነበር።

ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ቤቱ ያጉረመርማል። ነገሩ ጩኸት አይባልም፤ ከማገሩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ወለሉ የሚወርድ፣ ጥርስን የሚያሳክክ ማጉረምረም ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ቀለበት ቀለበት ይሠራል። ወደ ማስፈልፈያው ክፍል ሮጠች። መዳፏን የማሽኑ በር ላይ ስታሳርፍ በሩ ይንዘፈዘፋል። እንቁላል ገና በመጀመሪያው ሳምንት መናወጥ አይወድም፤ ትናንት ነበር ያስገባችው። ወደ ባትሪው የሚገባውን መብራት የሚያሳየውን መለኪያ ስታየው ደግሞ ቀስቱ ከዜሮ አንድ ጣት አልራቀም። ወጥታ ቀና ብላ አየችው። ተርባይኑ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ፊቱን ይመልሳል፤ ቤት ጠፍቶበት የሚጠይቀውን ሰው ያጣ መንገደኛ ይመስላል።

"ገና አዲስ ስለሆነ ነው" አለ ባሏ። "ሲለማመድ ይስተካከላል።"

"ጫማ ነው የሚለማመደው?"

"ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?"

እመጫት በነገር አትከራከርም፤ ታሳያለች። ከባሏ ጣውላዎች መሀል ቀጭኑንና ረጅሙን አጣና መርጣ አሮጌ ቀይ መጋረጃ ቀደደችና ከታች እስከ ጫፉ እያራራቀች ቁራጭ ቁራጭ ጨርቅ አሰረችበት። "ና ያዝልኝ" ብላ ይዘውት ጣሪያው ላይ ወጡ። አጣናውን ሲያቆሙት የታችኞቹ ጨርቆች አበዱ፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ አጣናው ላይ ይጠመጠማል፣ አንዱ ወደ ላይ ይዘላል። የጫፉ ጨርቅ ብቻ ነው ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው። ተርባይኑ ያለው ካበዱት መሀል ነው።

አጣናውን ይዘው ወርደው ከግቢው ዛፎች ኋላ አቆሙት፤ ያው ነው። ከአጥሩ ጥግም ያው ነው።

"ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሲኖር" አለ በመጨረሻ ባሏ፣ አገጩን እያሸ፣ "ውሃው ድንጋዩን ሲያልፍ ይሽከረከራል። ከኋላው ቅጠል ብትጥዪ ዙሪያውን ሲዞር ይውላል እንጂ አይሄድም።"

"እና?"

"እናማ ድንጋዩ ጣሪያዬ ነው።"

"ጣሪያህ ጠንካራ ስለሆነ ነው ንፋሱን የሚመልሰው" አለችው። "ያጠፋው ነገር የለም። ሥራው ዝናብ መመለስ ነው፣ ንፋስም አብሮ መለሰ።"

አናጢው ሳቀ። ያን ዕለት ራሱ ወጥቶ አወረደው። ጎረቤቶች "ምነው፣ ንፋሱ አልስማማም አለ?" ቢሉት "መልክ ለማየት ነበር የሰቀልነው" ብሎ መለሰላቸው።

ቴክኒሻኗ በቀጠሮዋ መጣች። አጣናውንና ቀዩን ጨርቅ አይታ "ይሄን ማን ሠራው?" አለች፤ እመጫት እጇን ስታወጣ "በሉ እንግዲህ ሥራዬን ቀምተውኛል" ብላ ሳቀች። ከዚያ ግቢውን ዞራ ዞራ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉብታው አመለከተች። ከቤታቸው ጀርባ ያለ ራሰ በራ ኮረብታ ነው፤ ዛፍ የለበት፣ ቤት የለበት። ንፋሱ ከሜዳው ተነስቶ ምንም ሳይነካው የሚደርሰው እዚያ ነው። "ተርባይኑ ዙሪያውን ካለው ዛፍና ቤት ሁሉ በደንብ ከፍ ማለት አለበት" አለች። "እዚያ አናት ላይ ምሰሶ ብናቆም ንጹሕ ንፋስ ያገኛል። ሽቦው ስለሚረዝም ወፍራም ይሁን እንጂ፤ ቀጭን ከሆነ መብራቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። ኮረብታው የማን ነው?"

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

ኮረብታው የአናጢው የታላቅ እህቱ ነው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ከኮረብታው ግርጌ ብቻቸውን ይኖራሉ። ግማሹ ሰፈር በእሳቸው እጅ ነው የተወለደው፤ ግን ለሚጠየቁት ነገር ሁሉ የመጀመሪያ መልሳቸው አንድ ስለሆነ ስማቸው "እትዬ እምቢ" ሆኖ ቀርቷል። ወንድማቸው እስከ ዛሬ ይፈራቸዋል። "አንቺ ሂጂ" አለ። "እኔን ካየችኝ ሳልናገር ነው የምትከለክለኝ።"

እመጫት ሄደች። እትዬ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

"እትዬ፣ ስለ ኮረብታዎ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት።"

"እምቢ።"

"ገና ምኑንም አልነገርኩዎት!"

"ሳልሰማ እምቢ ካልኩ ድካሙ ለሁለታችንም ይቀላል።"

እመጫት ስቃ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሳትለማመጥ ነገሩን ነገረቻቸው፤ የበረዱትን እንቁላሎች፣ ጣሪያውን፣ ቀይ ጨርቁን፣ ሁሉንም። እትዬ መርፌያቸውን ሳያቆሙ ሰሙ።

"ነፋስ አመጣሽ ነገር አልወድም" አሉ። "ደግሞስ ይጮሃል። ዕድሜዬን ሙሉ ሴት ስትጮህ ስሰማ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁን የምፈልገው ዝምታ ነው። ቢወድቅስ? አናቴ ላይ?"

"ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው" አለች እመጫት። "ቢወድቅ እንኳ ቤትዎ እንዳይደርስ፣ ከምሰሶው ቁመት በላይ ርቆ ነው የሚተከለው። ቦታውን እርስዎ ራስዎ በእርምጃ ለክተው ያሳዩኛል። ጩኸቱን ግን በወሬ አላሳምንዎትም። ቴክኒሻኗ ተርባይን የተከለችበት አንድ እርሻ አለ። እንሂድና በጆሮዎ ይስሙት።"

እትዬ ቀና ብለው አዩዋት። "መኪና ውስጥ መስኮት እከፍታለሁ" አሉ። ይህ በእሳቸው አነጋገር እሺ ማለት ነው።

እርሻው ላይ እትዬ ከምሰሶው ሥር ወንበር አስመጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ከላይ ፉው ፉው የሚል ለስላሳ ድምፅ ይሰማል፤ ንፋሱ ሲበረታ ይበረታል፣ ሲተነፍስ ይተነፍሳል። ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና "የኮረብታዬ ንፋስ ራሱ ከዚህ ይብሳል" አሉ። ከዚያ ቴክኒሻኗን ዞር ብለው "ይሄን ነገር ማቆም ይቻላል?" ብለው ጠየቁ።

"ይቻላል። ማቆሚያ አለው። ማብሪያ ማጥፊያ በሉት።"

"እንግዲያው ማቆሚያው እኔ ቤት ይሁን።"

አናጢው ከኋላ የሚስቱን እጅጌ ጎተተ። እመጫት ግን "ይሁን" አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አናጢው መኪናው ውስጥ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ እንደወረዱ ፈነዳ። "ማቆሚያውን ለእትዬ እምቢ? እሳት ማጥፊያውን ለእሳት እንደ መስጠት እኮ ነው! አንድ ቀን ራሷን ቢያማት ጫጩቶችሽ አለቁ።"

"መሬቷን የሰጠች ሰው የምታዝበት ነገር ሊኖራት ይገባል" አለች እመጫት። "ሰው ማቆም እንደሚችል ሲያውቅ ለማቆም አይቸኩልም።"

ምሰሶው የቆመበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ኮረብታው ላይ ነበር። ምሰሶው መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ተርባይኑ ጫፉ ላይ ታስሮ፣ የብረት ገመዶቹ በአራት ወገን ወደ ካስማዎቹ ተዘርግተው ነው የሚነሳው። አናጢው ምሰሶውን ለማንሳት የሚረዳ ጠንካራ አጋዥ ግንድ ሠርቶ አቀረበ፤ ቴክኒሻኗ ግንዱን መታ መታ አድርጋ "በዚህ ቤተ ክርስቲያንም ይነሳል" አለችው። ለሳምንት ያህል ይህን ቃል ለማንም ሳይነግር አላለፈም። ገመዱን ወንዶች ያዙ፤ ትእዛዙን እመጫት ሰጠች። "ሳብ! ቀስ! የምሥራቁ፣ ላላ አድርግ! ቁም!" ድምፅዋ ሲጠራ ማንም "ለምን" አላለም። ምሰሶው ከመሬት ተላቀቀ፣ አጋደለ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክንፎቹ አፍታም አልቆዩ፤ ተርባይኑ ፊቱን ወደ ንፋሱ መለሰና ዞረ። ግራ ቀኝ የለ፣ መደናገር የለ። ቤት ገብታ መለኪያውን ስታየው ቀስቱ ከመሀል አልፏል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቴክኒሻኗ ስትሄድ ሁለት ነገር ነገረቻቸው። አንደኛው፣ ንፋስ የማይነፍስበት ቀን ይኖራልና የከተማውን መብራት እንዳይጥሉት፤ ይህ ሲሄድ ያ እንዲተካው ነው። ሁለተኛው፣ የብረት ገመዶቹን ማጥበቂያ በየጊዜው እንዲያዩት፤ አዲስ ገመድ መጀመሪያ ላይ ይላላል። እመጫት ሁለቱንም ሰማች። ግን ሥራ በዛ፣ እንቁላል መጣ፣ ትእዛዝ ተደራረበ። ማጥበቂያውን "ነገ" ትለዋለች፣ ነገም ነገ ይሆናል።

አውሎው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፣ ንፋሱ የአንዱን ጎረቤት የውሃ በርሜል አንስቶ መንገድ አሻገረው፣ የከተማው መብራት ገና ዝናቡ ሳይጥል ሄደ። እመጫት ግን ቅንጣት አልደነገጠችም። ማሽኖቹ ውስጥ እንቁላሎቹ መሰንጠቅ ጀምረዋል፤ ከዚህም ከዚያም ምንቃር ብቅ ብሏል። የማሽኖቹ መብራት ብልጭ ድርግም እንኳ አላለም። ባሏ ወንበር ስቦ "ይሄን አውሎ ማን ይጠላዋል" እያለ መለኪያውን ያያል።

በድንገት ቀስቱ ወደቀ።

እመጫት ወደ መስኮቱ ሮጠች። ኮረብታው አናት ላይ፣ ዛፍ በሚያጎብጥ ንፋስ መሀል፣ ተርባይኑ መሽከርከሩን አቁሟል።

"አላልኩሽም!" አለ ባሏ ብድግ ብሎ። "ማቆሚያውን ለእምቢ ሰጥተሽ! በዚህ ቀን! በዚህ ሰዓት!"

"ካፖርትህን ልበስ። መፍቻህን ያዝ።"

"መፍቻ ለምን? እህቴን ልፈታት?"

"እትዬ እምቢ የሚሉት ሲጠየቁ ነው" አለች። "ዛሬ ማንም አልጠየቃቸውም። የሆነ ነገር አይተዋል። ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ይበቃናል፣ ና!"

ዝናቡን እየጠጡ ኮረብታውን ወጡ። እትዬ ቤታቸው አልነበሩም። ከምሰሶው ርቀው፣ ሻርፓቸውን በአናታቸው አጥብቀው አስረው ዝናብ ላይ ቆመዋል። ሲያዩዋቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "በዚያ በኩል አትምጡ! ዙሩ! ገመዱ ላልቷል!"

እውነትም አንደኛው የብረት ገመድ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንጠልጥሎ ንፋሱ ያወዛውዘዋል። ማጥበቂያው በንዝረት ብዛት ራሱን እየፈታ እየፈታ ሄዶ ጫፉ ላይ ደርሷል። ምሰሶው በቀስታ ይወዛወዛል። ተርባይኑ በዚያ ላይ እየዞረ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ መሬት ላይ ነበር።

"እንዴት አወቁ?" ብላ ጮኸች እመጫት።

"ድምፁ ተለወጠ!" አሉ እትዬ። "ቤት ውስጥ ሆኜ ስሰማው ትንፋሹ ተዛባ። ምጥ የያዛት ሴት ትንፋሿ ሲዛባ ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። አቆምኩትና ወጣሁ።"

አናጢው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ መፍቻውን ማጥበቂያው ውስጥ አስገባ። እመጫት ገመዱን ወደ ራሷ ስባ በክብደቷ ያዘችለት፤ እሱ ያዞራል፣ እሷ ትስባለች፣ ንፋሱ ሁለቱንም ይገፋቸዋል። ገመዱ እየተወጠረ ሄዶ ምሰሶው መወዛወዙን አቆመ። አናጢው ማጥበቂያው ዳግም እንዳይፈታ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። የቀሩትን ሦስቱንም እየዞሩ አዩ፣ አጠበቁ፣ አሰሩ። ሲጨርሱ ከጭቃው የሚለያቸው ዓይናቸው ብቻ ነበር።

"እትዬ" አለች እመጫት፣ "ይክፈቱት።"

ሦስቱም ወደ ኮረብታው ግርጌ ወረዱና እትዬ ቤታቸው ገብተው ማቆሚያውን ለቀቁት። ክንፎቹ ዘገም ብለው ተነሱ፣ ከዚያ ፈጠኑ፣ ከዚያ አልታዩም። ሦስቱም ቆመው አዳመጡ። እትዬ ከበራቸው ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እትዬ" አለ አናጢው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ እኮ ራስሽን አሞሽ መስሎኝ ነበር።"

"አውቃለሁ። ስትወጣ ፊትህን አይቼዋለሁ" አሉት። "ጡት ስትከለከል ራሱ እንደዚህ ነበር የምታኮርፈው።"

ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬም አብረው መጡ፤ ልብሳቸው ርሶ ስለነበር እመጫት ብርድ ልብስ አከናነበቻቸውና ማስፈልፈያው ክፍል፣ ሙቀቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ማሽኖቹ ይሠራሉ። ውጭ ከተማው በሙሉ ጨልሟል፤ እዚህ ትንሽዋ የማሽን አምፖል ቢጫ ብርሃኗን በመስታወቱ ላይ ትረጫለች። እትዬ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። አንድ ጫጩት ከቅርፊቱ ለመውጣት ይታገላል። ይገፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይገፋል። የእትዬ እጅ ሳያስቡት ወደ በሩ መያዣ ሄደ።

እመጫት እጃቸውን ያዘች። "አይርዱት፣ እትዬ። ራሱ ነው የሚወጣው። ከረዱት ይደክማል፣ አይጠነክርም።"

እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ። "ሥራ ፈት አደረግሽኝ እኮ" አሉ። ነገር ግን ከመስታወቱ አልራቁም። ቅርፊቱ ለሁለት ተከፍሎ ጫጩቱ እርጥብ ላባውን ይዞ ዘፍ ሲል ትንፋሻቸውን በረጅሙ ለቀቁት፤ ቀጥሎ ወዳለው እንቁላል ዓይናቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተርባይን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በዛ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መጣ፣ የልብስ ሰፊው መጣ፣ የጋራዡ መካኒክ መጣ። ሁሉም ማለት ይቻላል ጣሪያቸው ላይ ሊሰቅሉት አስበዋል። አናጢው ለአንዱም ፊት አይሰጥም፤ ቤታቸውን ሄዶ ያያል፣ ዛፋቸውን ያያል፣ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያስጠናቸዋል፤ ለመካኒኩማ "አንተ ጉድጓድ ውስጥ ነህ፣ ፀሐይ ብትገዛ ይሻልሃል" ብሎ እውነቱን ነግሮታል። መካኒኩ አኩርፎ ሄዶ በሳምንቱ የፀሐይ ሰሌዳ ገዛ።

ከአውሎው በኋላ ንፋስ የሌለበት ረጅም ጊዜም መጣ። ተርባይኑ ኮረብታው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዋለ፣ አደረ። እመጫት አልተጨነቀችም፤ የከተማው መብራት አለ፣ ባትሪው ጠግቧል፣ ንፋሱም የሚሄድበት ሀገር የለውም። ከእነዚያ ጸጥ ካሉ ቀናት በአንዱ አዲስ እንቁላል የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ወጥታ ሳጥኖቹን ተቀበለች፣ እጇን ታጠበች፣ ማሽኑን ከፍታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ መደርደር ጀመረች።